የመቶ ዓመቱ ሻምበልና የሃያ አምስት ሜትሩ መንገድ

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ጧት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ ከድል ሐውልቱ ዘንድ የቆመ ሰው ልቡን የሚነካ ነገር ሳያይ አይመለስም። የአንበሳ ጎፈር የደፉ፣ ሜዳያቸውን በደረታቸው ላይ የደረደሩ አረጋውያን አርበኞች፣ አንዳንዶቹ በከዘራ፣ አንዳንዶቹም በልጅ ልጃቸው ትከሻ እየተደገፉ ይመጣሉ። ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ሄዶ ዛሬ የቀሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ወጣቱ ተመልካች ከእነዚህ አባቶች ጋር ለመነጋገር ዕድል ያገኘ እንደ ሆነ፣ የሚያቀርበው ጥያቄ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «የት ዘመቱ? ከማን ጋር ተዋጉ? ስንት ጊዜ ቈሰሉ?» ይላቸዋል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን የጠላት ወረራ የቈየው አምስት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሰዎች ሰባና ሰማንያ ዓመት ኖረዋል። ያን ሁሉ ዘመን በምን አሳለፉት? ትዳራቸውን እንዴት ያዙ? አብሯቸው የተሰለፈውን ጓደኛቸውንስ እንዴት አስታወሱት? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ እናሰላስለው ዘንድ፣ ዛሬ የአንድ እንግሊዛዊ ወታደር ታሪክ እናቀርባለን። ሰውየው ከመቶ ዓመት ዕድሜያቸው ውስጥ ዘጠና ዘጠኙን ማንም ሳያውቃቸው ኖሩ፤ በመቶኛው ዓመት ዋዜማ ግን ስማቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ። የተወለዱት በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 22 ቀን 1912 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የልደታቸው ቀን የሚውለው ከአርበኞቻችን በዓል በፊት በአምስተኛው ቀን ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት የኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከኪትሊ እስከ በርማ

ቶማስ ሙር፣ ኋላ ዓለም በሞላ «ሻምበል ቶም» እያለ የጠራቸው፣ አፕሪል 30 ቀን 1920 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር አውራጃ ኪትሊ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከግንበኞች ቤተ ሰብ የተገኙ ሲሆኑ፣ እናታቸው የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። ልጁም በከተማው ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ የምሕንድስና ሙያ በመልመድ ላይ ሳሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በ1940 ዓ.ም.፣ በሃያ ዓመታቸው፣ ለውትድርና ተጠርተው በዌሊንግተን መስፍን ስም ወደሚጠራው ሬጅመንት ገቡ። በሚከተለው ዓመት የመኰንንነት ትምህርታቸውን ፈጽመው በምክትል መቶ አለቅነት ማዕርግ ተመረቁና ወደ ህንድ አገር ተላኩ።

ከቦምቤይ እስከ ካልካታ ያደረጉት የመኪና ጉዞ፣ የክረምቱ ዝናምና ጎርፉ መንገዱን ስላጥለቀለቀው፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሞተር ቢሲክሌት መንዳት በጣም ይወዱና ይችሉ ስለ ነበረ፣ የብርጌዱን ወታደሮች ሞተር መንዳት እንዲያስተምሩ አለቆቻቸው አዘዟቸው። ቀጥሎም አራካን በሚባለው በምዕራብ በርማ የባሕር ዳርቻ ዘመቱ። በዚያ ቦታ ጠላት ጃፓን ብቻ አልነበረም። ጭቃው፣ ጫካውና ትንኙ ከጥይት ያላነሰ ሰው ይጥል ነበር። ሻምበል ቶምም ደንጌ በሚባለው ንዳድ ተይዘው ተርፈዋል።

በበርማ የተዋጋው 14ኛው ጦር ከህንዶች፣ ከእንግሊዞች፣ ከኔፓል ጉርካዎች፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች የተውጣጣ ነበር። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ስሊም ለኛ አገር ታሪክ እንግዳ አይደሉም። በኖቬምበር 1940 ዓ.ም. በጋላባትና በመተማ ድንበር ከኢጣልያ ጦር ጋር ባደረገው ውጊያ 10ኛውን የህንድ ብርጌድ የመሩ እሳቸው ነበሩ፤ ጥቂት ወራት ቈይቶም በኤርትራ ቈስለዋል። በርማ ላይ የተዋጋው ያ ጦር ከኤውሮፓ ግንባር ርቆ ስለ ነበረ፣ ወታደሮቹ ራሳቸውን «የተረሳው ጦር» እያሉ ይጠሩ ነበር። ይህ ስም በሻምበል ቶም ሕይወት ውስጥ ትልቅ ነገር እንደ ሠራ ከዚህ ቀጥሎ የምናየው ነው።

በ1944 ዓ.ም. የሻምበልነት ማዕርግ አገኙ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገራቸው ተመልሰው በታንከኞች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። የውትድርና ታሪካቸው ይህ ነው። ከብዙ ሺህ የዕድሜ እኩዮቻቸው የሚለያቸው ልዩ ጀብዱ የለበትም፤ እሳቸውም አለብኝ ብለው አልተመጻደቁም።

ማንም ያልቈጠረው ሥራ

ከጦርነቱ በኋላ ሻምበል ቶም እንደ ማንኛውም ሰው እንጀራ ፍለጋ ወጡ። የቤት ክዳን ዕቃ ለሚሸጥ ድርጅት የሽያጭ ሹም ሆነው ሠሩ፤ ከዚያም በምሥራቅ እንግሊዝ የሲሚንቶ ውጤቶች የሚሠራ ፋብሪካ ዲሬክተር ሆኑ። በ1980ዎቹ ዓመታት ከባልደረቦቻቸው ጋር ተባብረው ፋብሪካውን ገዙት፤ በ1987 ዓ.ም.ም ሸጡት። በዕረፍት ጊዜያቸው በሞተር ቢሲክሌት ውድድር ይሳተፉ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለው ታታሪ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ከዚህ ኑሮ ጐን ለጐን ግን አንድ ሌላ ሥራ ነበራቸው። አብረዋቸው የዘመቱት የሬጅመንቱ ሰዎች በየዓመቱ አንድ ቀን ተገናኝተው እንዲውሉ፣ ስብሰባውን 64 ዓመት ሙሉ ያዘጋጁ የነበሩት እሳቸው ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ስድሳ አራት ዓመት የሚለውን በችኰላ አንለፈው። በአገራችን የጽዋ ማኅበር ሙሴ ወይም የዕድር ጸሓፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው የዚህን ሥራ ጠባይ ያውቀዋል። ደብዳቤ መጻፍ አለ። አድራሻውን የለወጠውን ማፈላለግ አለ። ተጣልቶ የቀረውን ማስታረቅ፣ የታመመውን መጠየቅ፣ የሞተውን ስም ከዝርዝሩ ላይ መሰረዝና ለሚስቱ የሐዘን መግለጫ መላክ አለ። ደመወዝ የለውም፤ ሹመትም አያስገኝም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዳራሹ በወጣቶች ሣቅ ይሞላል፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግን ሥራው የባዶ ወንበሮችን ቁጥር መቀበል ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አንድ ዓመት በፍቅር፣ አምስት ዓመት በይሉኝታ ሊሠራው ይችላል። ስድሳ አራት ዓመት የሚሠራው ግን «እኔ ከተውሁት እነዚህ ሰዎች ይረሳሉ» የሚል ሐሳብ በልቡ ያደረበት ሰው ብቻ ነው። ዓለም የረሳውን ጦር አንድ ሻምበል አልረሳውም።

ትዳራቸውም ከዚሁ ጠባያቸው ጋር የሚስማማ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ያገቧት የመጀመሪያ ሚስታቸው ጋር ኑሯቸው ሳይሰምር ቀርቶ ተለያዩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አርባ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ሳለ፣ ፓሜላ የምትባለውን አገቡና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ብዙ ሰው ልጆቹን አሳድጎ በሚጨርስበት ዕድሜ እሳቸው ሕፃን ማቀፍ ጀመሩ ማለት ነው። ጡረታ በወጡ ጊዜም ባልና ሚስት ፀሓይና ሙቀት ወዳለበት ወደ እስፓኝ አገር ሄደው ተቀመጡ።

ዳሩ ግን ፓሜላ አእምሮን የሚያደክም የመርሳት በሽታ ስለ ያዛት ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሱ። ሕመሙ በቤት ሊታከም የማይቻል በሆነ ጊዜ፣ በሽተኞች በሚጠበቁበት ቤት ገባች። ሻምበል ቶምም በየቀኑ እየሄዱ ይጠይቋት ጀመር። በዚህ ዐይነት በሽታ የተያዘ ሰው ትናንት ማን እንደ መጣ ዛሬ ላያስታውስ ይችላል። የመጣውን አያመሰግንም፤ የቀረውንም አይወቅስም። ስለዚህ ጠያቂው አንድ ቀን ቢቀር የሚታዘበው የራሱ ኅሊና ብቻ ነው። እሳቸው ግን ፓሜላ በ2006 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ መንገዱን አላቋረጡም። በጦር ሜዳ የተገኘ ጽናት በሜዳይ ይታወቃል፤ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ለሚገኘው ጽናት ግን ሜዳይ አልተሠራለትም።

ሚስታቸው ከሞተች በኋላ፣ ቤድፎርድሻየር በሚባለው አውራጃ ከምትኖረው ልጃቸው፣ ከባሏና ከሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ጋር ተጠቃለው መኖር ጀመሩ። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር መኖራቸው ለኛ ወግ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ግን ብዙ የተለመደ አይደለም። በ2018 ዓ.ም. ቤታቸው ውስጥ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሐኪሞችና አስታማሚዎች ብዙ ደክመው አዳኗቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ መደገፊያ መሄድ ተሳናቸው። ሻምበሉ ለሚስታቸውና ለራሳቸው የተደረገውን ይህን ሁሉ እንክብካቤ እንደ ዕዳ ቈጠሩት።

ሃያ አምስት ሜትር

በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከማርች 23 ቀን ጀምሮ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ። ሐኪም ቤቶች በበሽተኛ ተጨናነቁ። ሻምበል ቶም በዚያን ጊዜ የ99 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ያውም አጥንቱ ተሰብሮ የተጠገነ፣ «እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ?» ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም።

እሳቸው ግን ባለ ጐማ መደገፊያቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። የግቢያቸው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሜትር ነበረ። ይህን መንገድ በቀን ዐሥር ዐሥር ጊዜ እየሄዱ፣ መቶ ዓመት ከሚሞላቸው ቀን በፊት መቶ ጊዜ ለመሙላትና ለሕዝቡ የጤና አገልግሎት አንድ ሺህ ፓውንድ ለማስገኘት አሰቡ። ጉዞውን የጀመሩት አፕሪል 6 ቀን ነው። ቈጥረን ያየነው እንደ ሆነ፣ መቶው ሁሉ ሲደመር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥቶ የሚመለስ ተማሪ ይህን ያህል መንገድ ሳያስበው ይሄደዋል። ለሻምበል ቶም ግን እያንዳንዱ እርምጃ የታሰበበት ነበረ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ሦስቱን የዘመቻ ሜዳዮቻቸውን አድርገው፣ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ያባቶቻችን ተረት እንዲህ ያለውን ሰው አይቶ የተነገረ ይመስላል።

የታሰበው አንድ ሺህ ፓውንድ በአራት ቀን ውስጥ ሞላ። ወሬው በራዲዮና በቴሌቪዥን በተሰማ ጊዜ ገንዘቡ እንደ ክረምት ወንዝ ይጐርፍ ጀመር። በመጨረሻ የተሰበሰበው 32 ሚሊዮን 790 ሺህ ፓውንድ ያህል ሲሆን፣ በሕጉ መሠረት ከቀረጥ የሚመለሰው ሲታከልበት ወደ 39 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሰጪዎቹ ብዛት ነው። ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አዋጥተዋል። ገንዘቡን ለሰዎቹ ብናካፍለው፣ በአማካይ ለአንድ ሰው ከ22 ፓውንድ አይበልጥም። ይህን ያህል ሀብት ያከማቸው የጥቂት ባለጸጎች ልግስና ሳይሆን፣ ብዙ ሰዎች ከኪሳቸው ያወጡት ትንሽ ገንዘብ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

አፕሪል 16 ቀን መቶኛውን ጉዞ ሲፈጽሙ፣ የዮርክሻየር ሬጅመንት ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፈው የክብር ሰላምታ ሰጧቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው ያገለገሉበት ሬጅመንት በ2006 ዓ.ም. የተቀላቀለው ከዚሁ ጦር ጋር ነው። የጓደኞቻቸውን ስብሰባ ስድሳ አራት ዓመት ሲያዘጋጁ የኖሩትን ሽማግሌ፣ በመጨረሻ የልጅ ልጆቻቸው እኩያ የሆኑት ወታደሮች መጥተው ከበቧቸው።

ክብር በመጨረሻው ሰዓት

ከዚያ በኋላ የመጣውን ክብር ባጭሩ እንናገራለን። ከአንድ ታዋቂ ዘፋኝና ከጤና ሠራተኞች የመዘምራን ቡድን ጋር በሸክላ ያስቀረጹት መዝሙር በሽያጭ ከሁሉ በላይ ሆነ፤ በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ደረጃ ያገኙ ከሁሉ የሚበልጡ አዛውንት ተባሉ። መቶ ዓመት በሞላቸው ዕለት የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች በቤታቸው ላይ አንዣበቡ። ከ150 ሺህ የሚበልጥ የልደት ካርድ ስለ ተላከላቸው፣ ካርዱ የተደረደረው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ወጣት ወታደሮች ለሚሠለጥኑበት ኮሌጅም የክብር ኮሎኔል ሆነው ተሾሙ።

ጁላይ 17 ቀን ንግሥት ኤልሣቤጥ 2ኛ በዊንድሶር ግንብ ግቢ ውስጥ የናይትነት ማዕርግ ሰጧቸው። ንግሥቲቱ በዚያን ጊዜ የ94 ዓመት አረጋዊት ነበሩ። በእጃቸው የያዙት ጐራዴ የአባታቸው የንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ ነበረ። ያ ንጉሥ ቶማስ ሙር በበርማ ሲዘምቱ በዙፋን ላይ የነበረው ነው። በዚያችው የበጋ ወራት ማለቂያ የሕይወታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ለመጽሐፉም «ነገ መልካም ቀን ይሆናል» የሚል አርእስት ሰጡት።

በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2021 ዓ.ም. ሻምበል ሰር ቶም ሙር በቤድፎርድ ሐኪም ቤት ዐረፉ። የሳንባ ምች ታመው ከቈዩ በኋላ፣ ያው አገርን ያስጨነቀው ወረርሽኝ ይዟቸው ነበር። በቀብራቸው ሥነ ሥርዐት ላይ ስድስት ወታደሮች አስከሬናቸውን ተሸከሙ፤ ተኩስም ተተኰሰ። ይሁን እንጂ በሽታው እንዳይዛመት ሕግ ስለ ከለከለ፣ ሚሊዮን ሰዎች ያከበሯቸውን ሰው የሸኟቸው የቅርብ ቤተ ሰቦቻቸው ብቻ ነበሩ። ዐፅማቸው በትውልድ ከተማቸው በኪትሊ፣ ከእናት ከአባታቸውና ከአያቶቻቸው ዘንድ ዐረፈ።

ስም ያለ አደራ

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ባለን። ነገር ግን ለወጣት አንባቢዎቻችን፣ በተለይም የሕዝብ ሥራ ለጀመሩት፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መሰወር ተገቢ አይደለም።

በ2020 ዓ.ም. በሻምበል ቶም ስም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ከድርጅቱ ኀላፊዎች መካከል አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት ልጃቸውና ባሏ ይገኙ ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚቈጣጠረው መንግሥታዊ ኮሚሲዮን ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ፣ በኖቬምበር 2024 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ባልና ሚስቱ የግል ጥቅማቸውንና የድርጅቱን ጥቅም በተደጋጋሚ ቀላቅለዋል አለ። ለመጻሕፍቱ ከተከፈለው ዋጋ ከፊሉ ለበጎ አድራጎቱ ይውላል ተብሎ ሕዝብ አምኖ ሳለ፣ ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆነው ገንዘብ ወደ ግል ኩባንያቸው ገብቷል። ልጃቸው ለዐሥር ዓመት፣ ባሏም ለስምንት ዓመት በማናቸውም የበጎ አድራጎት ድርጅት ኀላፊ እንዳይሆኑ ተከለከሉ። እነሱ በበኩላቸው ኮሚሲዮኑ በድሎናል ሲሉ ተቃውመዋል።

ሻምበሉ በሃያ አምስት ሜትሩ መንገድ ላይ ያስገኙት ገንዘብ ግን በዚህ ነገር አልተነካም። ያ ገንዘብ በቀጥታ ለጤና አገልግሎቱ መርጃ የገባ ነውና። እንዲያም ሆኖ የሽማግሌውን ስም ሲሰማ ፈገግ ይል የነበረው ሰው፣ ዛሬ ስማቸው ሲነሣ ጥቂት ያመነታል። ጉዳቱ ይህ ነው።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ክፉ አነጋገር አለ። ይህን ተረት የሚጠቅስ ሹም፣ የተሰጠው ሥልጣን የራሱ ገንዘብ እንደ ሆነ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ስልሳ ዓመት የተገነባ ስም በሁለት ዓመት ሊጐድፍ እንደሚችል የዚህ ቤተ ሰብ ታሪክ ያስረዳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል፣ ከመቃብር በላይ የሚጠብቀው ሰው ያሻዋል ማለትም ነው። መሬትና ቤት የወረሰ ሰው ሸጦ ሊበላው ይችል ይሆናል፤ ስም የወረሰ ግን የተቀበለው አደራ ነው። የመሥሪያ ቤት ወንበርም እንደዚሁ ነው። ከኛ በፊት የተቀመጡበት ሰዎች ያተረፉትን የሕዝብ እምነት ተቀብለን፣ ከኛ በኋላ ለሚመጡት እናስረክባለን።

ሁለተኛው ጥያቄ

ብዙ ሰዎች ሻምበል ቶም በ99 ዓመታቸው አንድ አዲስና ታላቅ ነገር የሠሩ ይመስላቸዋል። ሕይወታቸውን ከመነሻው የተከታተለ ግን በዚያ መንገድ ላይ አዲስ ነገር እንደሌለ ይረዳል። ስድሳ አራት ጊዜ ደብዳቤ የጻፈው እጅ፣ በየቀኑ ወደ በሽተኛዪቱ ሚስቱ የሄደው እግር፣ ያው ራሱ ነው በአትክልቱ ቦታ ላይ መቶ ጊዜ የተመላለሰው። ልዩነቱ በመጨረሻው ጊዜ ሰዎች ቆመው መመልከታቸው ብቻ ነው። ማንም ሳያይ የተለማመደውን ነው ሰው ሁሉ ሲያየው የሠራው።

ተማሪው ፈተና ሲደርስ ብቻ መጽሐፍ የሚገልጥ ቢሆን፣ ወጣቱም ሹም አለቃው ሲመጣ ብቻ ከወንበሩ የሚገኝ ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን ይገኛል። በአንጻሩ ዕለት ዕለት ትንሹን ግዴታውን የሚፈጽም፣ ባለጉዳዩን በሰዓቱ የሚያስተናግድ፣ ወላጁን የሚጦር፣ ጓደኛውን የማይረሳ ሰው፣ ዝናው ቢመጣም ባይመጣም ኑሮው ሙሉ ነው። ሻምበል ቶም ያን ዝና ያገኙት ዕድሜ ስለ ተጨመረላቸው ነው። በዘጠና ስምንት ዓመታቸው ወድቀው በተሰበሩ ጊዜ ሞተው ቢሆን ኖሮ፣ ማንም አያውቃቸውም ነበር፤ ሕይወታቸው ግን ያው መልካም ሕይወት በሆነ ነበር።

በሚመጣው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ወይም ከዚያ በፊት በሰፈራችሁ ባለው ጥላ ሥር የተቀመጠ አንድ አሮጌ ወታደር ብታገኙ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቁት፤ በደስታ ይመልስላችኋል። መልሱን ሲጨርስ ግን ተነሥታችሁ አትሂዱ። ጥቂት ቈዩና ሁለተኛውን አቅርቡለት። «አባቴ፣ ከጦርነቱ በኋላስ እንዴት ኖሩ?» በሉት። ምናልባት እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለ ይሆናል።